«እኔ እንደሚመስለኝ» ማስረጃ አይደለም
ስለ ሂፕ ሆፕ ለተጻፉት ሁለት ጽሑፎች የተሰጠ መልስ



ባለፉት ሁለት እትሞች ስለ ሂፕ ሆፕ ሁለት ጽሑፎች ወጥተው ሁላችንም አንብበናል። የመጀመሪያው ጸሐፊ፣ ሂፕ ሆፕ ከባሕር ማዶ የመጣ ቆሻሻ ነው፣ ወጣቱን ከአባቶቹ ባህል አፋትቶ ለጫትና ለጠብ የሚዳርግ ነውና ከባህል ምሽታችን ይወገድ ይላል። ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ፣ የለም፣ ራፕ የተወለደው ከእኛው ፉከራና ቀረርቶ ነው፣ አሜሪካኖቹ የእኛን ወስደው መልሰው ለእኛው ሸጡልን፣ ስለዚህ በባህል ምሽቱ የፊተኛው ወንበር ይገባዋል ይላል። እነዚህ ሁለት ወንድሞቼ በሁሉ ነገር ተለያይተው በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተዋል። አንዳቸውም አንድ መጽሐፍ አልጠቀሱም፣ አንድ ዘፋኝ አላነጋገሩም፣ አንድ ቀንና አንድ ቦታ አልጠሩም። ሁለቱም በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ጋሻ አንሥተው ተከልለዋል፦ «ይህ የግል አስተያየቴ ነው።»

ለመጻፍ የተነሣሁት ነገሩ የቃል እሰጥ አገባ ብቻ ስላልሆነ ነው። የኅብረታችን ጠቅላላ ጉባኤ በሚመጣው ወር ስለ ባህል ምሽቱ ፕሮግራም ይወስናል። በእጃችን ያሉት እነዚህ ሁለት ጽሑፎች ብቻ ከሆኑ፣ ድምፃችንን የምንሰጠው አብልጦ ለጮኸው ነው ማለት ነው። የሚከለከሉት ወይም የሚፈቀድላቸው ልጆች ደግሞ በሐሳብ ዓለም የሚኖሩ አይደሉም፤ ማታ ማታ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ቆመው በስልክ ምት እየከፈቱ ሲለማመዱ የምናልፋቸው ጓደኞቻችን ናቸው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ስለ እነርሱ አራት ገጽ ሲሞሉ ከእነርሱ አንዱን እንኳ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው አልጠየቁም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳዘነኝ ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። እኔም ራፕ ወዳጅ ነኝ። ባላጋራ ያለ ማስረጃ ሲከስ መልስ መስጠት ይቻላል፤ ወዳጅ ያለ ማስረጃ ሲያሞግስ ግን ነገ ውሸቱ በተገለጠ ጊዜ ከተሞገሰው ጋር አብሮ ያዋርደናል። ስለዚህ ከወገኔ እጀምራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አንድ ሰው «ራፕ ደስ ይለኛል» ወይም «ጆሮዬን ይጎረብጠኛል» ቢል ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ ጣዕም ነውና ዳኛው ራሱ ነው። «ራፕ የተወለደው ከፉከራ ነው» ሲል ግን ስለ ራሱ መናገሩን አቁሞ ስለ ዓለም መናገር ጀምሯል። ይህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንዳንድ ሰዎች እጅ ሆነ ወይም አልሆነም። ከመጨረሻው ላይ «የግል አስተያየቴ ነው» ብሎ መጻፍ የታሪክን ነገር ወደ ጣዕም አይለውጠውም። «ወንድሜ ከእኔ ይበልጣል የሚለው የግል አስተያየቴ ነው» ብል እናቴ የተወለድንበትን ዓመት ታውቃለችና ትስቅብኛለች።

እንግዲህ ዓመቱንና ቦታውን እንጥራ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1973 ኦገስት 11 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ሴጅዊክ አቬኑ 1520 ቁጥር ባለው የአፓርታማ ሕንፃ ውስጥ ክላይቭ ካምቤል የተባለ ወጣት ለእኅቱ ግብዣ ሸክላ ያጫውት ነበር። ሰፈሩ ዲጄ ኩል ኸርክ እያለ ይጠራው ነበር። ይህ ወጣት፣ ጨፋሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚነቃቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት አጭር ቦታ ላይ መሆኑን አስተዋለ፤ ይህን ቦታ በሁለት ሸክላ እየተቀባበለ ማርዘም ጀመረ። በዚያ በረዘመ ምት ላይ ጨፋሪው ጨፈረ፣ ማይክሮፎን የያዘውም ተናገረ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1979 ሹገር ሂል ጋንግ የተባለው ቡድን ያወጣው ሸክላ ራፕን ከሰፈር አውጥቶ በሬዲዮ አስገባው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሰዎች ሄደው ስለ ጠየቁ፣ የግብዣውን መጥሪያ ወረቀት ሳይቀር ፈልገው ስላስቀመጡ ነው። ትሪሻ ሮዝ በ1994፣ ጄፍ ቻንግ በ2005 ያሳተሟቸው መጻሕፍት ከዚያ ሰፈር ሕይወት ጋር አያይዘው ያስረዱናል፤ በመካከሉ የተሰነጠቀው አውራ ጎዳና፣ የተቃጠሉት ቤቶች፣ የተዘጉት ፋብሪካዎች ሁሉ አሉበት።

ሁለተኛው ጸሐፊ ይህን ሁሉ ዘልሎ «ጥቁሮቹ ከአፍሪካ ሲጋዙ ፉከራውን ይዘው ሄዱ» ይለናል። ለመሆኑ የትኞቹ ጥቁሮች? ከየትኛው ወደብ? ተመራማሪዎች የመርከብ መዝገቦችን ሰብስበው ከ35,000 በላይ የባሪያ ንግድ ጉዞዎችን አንድ በአንድ መዝግበዋል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል የተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከምዕራብና ከምዕራብ መካከለኛው አፍሪካ፣ ከፊሎቹም ከሞዛምቢክ በኩል የተወሰዱ ናቸው። ከእኛ አገር የተሸጡት ወገኖች፣ ከእነርሱም መካከል ከዚሁ ከጉራጌ አገር የተዘረፉት ብዙ ናቸው፣ በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ወደ ዓረብ አገርና ወደ ግብፅ ነው የተነዱት። መከራቸው እውነተኛ ነው፤ መንገዳቸውም የታወቀ ነው፤ ወደ ብሮንክስ ግን አያደርስም። የራሳችንን ሰዎች የመከራ መንገድ ለአንድ የዘፈን ክርክር ስንል ማጣመም ለእነርሱም ክብር አይሆንም።

«ታዲያ ለምን ይመሳሰላሉ?» ይለኝ ይሆናል። መመሳሰል መወለድ አይደለም። በምት ራስን ማወደስና ባላጋራን በቃል መምታት በብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ። የምዕራብ አፍሪካ ግሪዮቶች አሉ፣ የሱማሌ ገጣሚዎች አሉ። በአሜሪካ ውስጥም ቢሆን ከሂፕ ሆፕ በፊት ሮጀር ኤብራሃምስ የተባለ ሰው በፊላደልፊያ መንገዶች ላይ የጥቁር ወጣቶችን የቃል ግጥሞች እየቀዳ በ1964 አሳትሟል። ኸርክ ገና ግብዣውን ሳያደርግ ዘጠኝ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። የቅርቡ ዘመድ እያለ ስለ ምን ከሩቅ አገር አባት እንፈልግለታለን?

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ፤ ማስረጃ መፈለግ እንዴት ሰውን ከራሱ ግምት እንደሚያወጣ ያሳያልና። ኩል ኸርክ የተወለደው በጃማይካ ነው። በጃማይካ በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሸክላ እያጫወቱ በላዩ ላይ መናገር የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ራፕ በኸርክ ሻንጣ ከጃማይካ መጣ ብለው ጽፈዋል። ነገሩ ሲታይ ያሳምናል። ኸርክ ራሱ ግን በተጠየቀ ጊዜ ይህን አልተቀበለም፤ የብሮንክስ ሰው ሬጌ ቢጫወትለት አይጨፍርም ነበር፣ መነሻው ጄምስ ብራውን ነው የሚል ቃል ሰጠ። እንግዲህ ምን እናድርግ? የባለቤቱ ቃል ነውና ዝም ብለን እንቀበል? ሰው የራሱን ልማድ ሳያውቀው ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ የድምፅ ማጉያው አቀማመጥ የጃማይካ፣ ሸክላው ግን የአሜሪካ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። ነገር ግን ክርክራቸው በተመዘገበ ቃል፣ በሸክላና በቀን ላይ ስለ ቆመ ወደ ፊት ይሄዳል። የእኛ ሁለት ጽሑፎች ግን መቶ ዓመት ቢከራከሩ ከቆሙበት አይንቀሳቀሱም።

በጃማይካ በኩል የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ መኖሩን አልክድም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያውን የሞላውን ሕዝብ ያላወቀ የለም። ግን የአንድ አገር ስም በአንድ ሕዝብ ልብ ውስጥ ስላለ፣ የዚያ አገር ፉከራ በዚያ ሕዝብ አፍ ላይ አለ ማለት አይደለም።

እውነተኛ ግንኙነት ለሚፈልግ ሰው እኮ አለ! በዱካ የሚሄዱበት አለ። ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ሥራ በአዲስ አበባ ያስቀረጸው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እነ አምሃ እሸቴ ሸክላ በሚያሳትሙበት ጊዜ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ አራተኛ ክፍል አድርጎ በ1998 እንደገና አሳተመው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች አስገባ። በ2010 ደግሞ የኒውዮርኩ ራፐር ናስና የቦብ ማርሌ ልጅ ዴሚያን ማርሌ በጋራ ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የዚያው የ«የግሌ ትዝታ» ምት ይሰማል። ሸክላው አለ፣ ዓመቱ አለ፣ ስሙ አለ። ሁለተኛው ጸሐፊ ይህን አንድ መሥመር ቢጽፍ ኖሮ ከአራቱ ገጽ ፉከራው ይልቅ አገሩን ባኮራ ነበር። ሳይፈልግ ቀረ፤ መፈለግ ያደክማልና።

ወደ መጀመሪያው ጸሐፊ ልምጣ። «ሂፕ ሆፕ ጫት አመጣ» ላለው መልሱ አጭር ነው። ጫት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ተጠቅሷል፤ ይህም 14ኛው መቶ ዓመት ነው። ሪቻርድ በርተን በ1855 ሐረር ሲገባ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ሲቅሙ አግኝቷቸዋል። እነዚያ ሽማግሌዎች ራፕ ሰምተው ነው እንዳይለን እፈራለሁ። ጫት በዚህ በወልቂጤ ዙሪያ የገበሬው ገቢ፣ የነጋዴው ሸቀጥ፣ የሾፌሩ ጭነት ነው፤ ተማሪው ለምን ይቅማል የሚለውን ጥያቄ በእውነት የሚጠይቅ ሰው ከገበያው ይጀምራል እንጂ ከዘፈን አይጀምርም።

ስለ ጠብና ስለ ስድብ ያነሣው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሴትን የሚያዋርዱ፣ መሣሪያን የሚያወድሱ ራፖች አሉ፤ በእኛው ግቢም በጆሮ ማዳመጫ ይደመጣሉ። እዚህ ላይ ትሪሻ ሮዝን እንደገና እጠራታለሁ። ይህች ሴት ሂፕ ሆፕን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዷ ናት። በ2008 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ ውስጥ የነቃፊዎችን ክሶች በአንድ በኩል፣ የተከላካዮችን መልሶች በሌላ በኩል እየደረደረች ሁለቱንም ወገን ትወቅሳለች። ነቃፊዎቹ በጥቁር ሕዝብ ላይ የደረሰውን ድህነትና ግፍ ትተው ጥፋቱን ሁሉ በዘፈኑ ላይ ይጭናሉ ትላለች፤ ተከላካዮቹም «ያለውን እውነት ነው የምንናገረው» እያሉ ለሴቶች ስድብ ሽፋን ይሰጣሉ ትላለች። ይህን መጽሐፍ ሳነብ ሁለቱን ወንድሞቼን በወልቂጤ ሳይሆን በአሜሪካ ያገኘኋቸው መሰለኝ። ሴትየዋ የምትወደውን ነገር ለመውቀስ የደፈረችው ስለምታውቀው ነው።

ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ «ሂፕ ሆፕ» እያለ የሚያወራው ስለ ራፕ ብቻ ነው። ዲጄው፣ በማይክሮፎን የሚናገረው፣ ብሬክ ዳንስ ጨፋሪውና ግድግዳ ላይ የሚሥለው አራቱ አንድ ላይ ነው ሂፕ ሆፕ የሚባለው። ብሬክ ዳንስ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የውድድር ዓይነት ሆኖ ቀርቧል። «ይወገድ» የሚል ሰው የሚያስወግደውን ቢያውቀው መልካም ነበር።

ከሁለቱም ጽሑፍ አንድ አባባል ከሁሉ አብልጦ ዘልቆኛል። ሁለተኛው ጸሐፊ «ሂፕ ሆፕ ይኖሩታል እንጂ አያጠኑትም፤ ምርምር የሞተ ነገር መቅበሪያ ነው» ብሏል። አባባሉ ያምራል፤ በግቢያችን ሲደጋገም ሰምቻለሁ። እስኪ በአንድ ምሳሌ እንየው። ለብዙ ዘመን ጋዜጠኛውም ፕሮፌሰሩም፣ የራፕ ሙዚቃ ሠሪዎች ከአሮጌ ሸክላ ቆርጠው የሚቀጥሉት ድሆች ስለሆኑና መሣሪያ መግዣና መማሪያ ስላልነበራቸው ነው እያሉ ይጽፉ ነበር። ርኅራኄ የተሞላ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመውም አልነበረም። ጆሴፍ ሽሎስ የተባለ ተመራማሪ ግን ወደ ሠሪዎቹ ቤት ሄደ። ከእነርሱ ጋር ሸክላ ቤት ለሸክላ ቤት ዞረ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቃቸው። በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ሠሪዎቹ ሸክላ የሚቆርጡት ሌላ አማራጭ አጥተው አይደለም፤ በዚያ መንገድ የሚገኘውን ድምፅ ወደው፣ መርጠው ነው፤ በመካከላቸውም የሚከበር የሙያ ሕግ አላቸው። እንግዲህ ፍረዱ! ሙዚቀኛውን ችግረኛ አድርጎ የቀበረው አስተያየት ነበር፤ ባለሙያ አድርጎ ያስነሣው ምርምር ነው። «ይኖሩታል» ያሉትን ሰዎች ሄዶ የጠየቀውም ተመራማሪው ነው፤ ባለ አስተያየቱ ከክፍሉ አልወጣም።

እኛ ራሳችን ይህ ነገር ደርሶብናል እኮ። ስለ ጉራጌ ሕዝብ ስንት ሰው በስሚ ስሚ ጽፏል! ንግድ በደሙ ነው፣ ቁጠባ በተፈጥሮው ነው፣ ሌላም ሌላም። ስማችን ከጉራ ይምጣ ከግራ ይምጣ እንኳ የጻፈ ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ነው የሚያወራው። ዊልያም ሻክ የተባለ የቺካጎ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ቸሃ መጥቶ ከገበሬው ጋር ተቀመጠ። እንሰቱ እንዴት እንደሚተከል፣ እንደሚፋቅ፣ በማን እጅ ቆጮ እንደሚሆን፣ ቤቱና ዘመዱ በእርሱ ዙሪያ እንዴት እንደ ተዋቀረ ጽፎ በ1966 አሳተመ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1974 ከአገራችን ሰው ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋር ሆኖ ስለ ዋቅ፣ ስለ ቦዠ፣ ስለ ዳሟሚትና ስለ ጀግኖች የሚባሉትን የቸሃ የቃል ግጥሞች ከነትርጉማቸው አወጣ። በመጽሐፉ የማልስማማበት ቦታ አለኝ፤ ነገር ግን የማልስማማበትን ገጽ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ከስሚ ስሚ ጋር ግን የሚጣሉበት ገጽ የለም።

ይኸው ሻክ በዕድሜው መጨረሻ ምን እንደ ጻፈ ብታውቁ ትገረማላችሁ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በፓሪስ ስለ ተጫወቱት የጥቁር አሜሪካ ጃዝ ሙዚቀኞች ነው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በ2001 ታተመ። የእንሰትን ነገር የመረመረው ሰው የወገኖቹን ሙዚቃም በዚያው ትጋት መረመረ። የወገኔ ነውና ልቤ ያውቀዋል አላለም።

አስተያየት ፈጽሞ አይጻፍ ማለቴ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ከአንዳንድ መምህራኖቻችን ጋርም እለያያለሁ። «እኔ» የሚል ቃል በጽሑፍ ውስጥ ካዩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ፤ «ይባላል»፣ «ይታመናል»፣ «ይነገራል» የሚለውን ግን ሳይነኩ ያሳልፋሉ። ለመሆኑ የሚለው ማን ነው? የሚያምነውስ? «እኔ» ብሎ የጻፈ ሰው ቢያንስ ራሱን ለምስክርነት አቁሟል፤ የት ሆኖ እንዳየ፣ መቼ እንደ ሰማ ልንጠይቀው እንችላለን። «ይባላል» ያለው ግን ተሰውሯል። አማርኛችን ተናጋሪውን የሚሸሽግ እንዲህ ያለ ምቹ ግሥ ስላለው የባሰ መጠንቀቅ ይገባናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። እኔ የምለው ይህ ነው፤ አየሁ የሚል ሰው የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሆኖ እንዳየ ይንገረን፤ ያን ጊዜ የግል ያለው ነገር ራሱ ማስረጃ መሆን ይጀምራል።

ቃሌን ለራሴ ላውለው። ለመስቀል ወልቂጤ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ፣ የጎረቤታችን ልጅ በስልኩ የሠራውን ምት አሰማኝ። የአክስቶቹን ጭብጨባ ባለፈው ዓመት መስቀል ላይ ቀድቶ ኖሯል፤ ያንኑ ቆርጦ፣ ደጋግሞ፣ ከበሮ ጨምሮበት በላዩ ላይ በአማርኛ ይናገርበታል። ከማን እንደ ተማረ ጠየቅሁት። ከቴዲ ዮ ነው አለኝ፤ «ጉራጌ ቶን» የተባለውን ሥራ ልጅ ሳለ ሰምቶ፣ የእኛም ምት ለዚህ ይሆናል እንዴ ብሎ እንደ ጀመረ ነገረኝ። አያቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይጠብቁ ነበር። «እማማ፣ ይህን ያውቁታል?» ብዬ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አቀረብሁት። ትንሽ አዳመጡና፣ በጉልበታቸው ላይ መቱ፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እጁ የእኛ ነው። አፉ የማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እሱን ራሱን ጠይቀው።»

እኒህ ሴት ፊደል አልቆጠሩም። ሁለቱ ጸሐፊዎች በስምንት ገጽ ያልለዩትን ግን በአንድ ትንፋሽ ለዩት። የሚያውቁትን መሰከሩ፤ የማያውቁትንም ከራሳቸው አልፈጠሩም፤ ወደ ባለቤቱ መሩኝ። ልጁም ከማን እንደ ተማረ አስቀድሞ ነግሮኛል። ቴዲ ዮ ከማን ተማረ? ከአሜሪካ ሸክላ ነው? ከአዲስ አበባ ሠርግ ነው? ይህም ተጠይቆ የሚደረስበት ነገር ነው። እንዲህ እያልን ቀለበት በቀለበት ብንሄድ የአገራችንን የራፕ ታሪክ ለመጻፍ በቻልን፤ ሰዎቹ ገና በሕይወት አሉ፣ ካሴቶቹም ገና ከየቤቱ ሣጥን አልጠፉም።

እኛ ቸል ስንል ደግሞ ሌሎች ይሠሩታል። በእስራኤል የሚኖሩት የኢትዮጵያ ተወላጆች ወጣቶች ስለሚጫወቱት ሙዚቃ ኢላና ዌብስተር ኮገን የተባለች ተመራማሪ በ2018 በስሙ አዝማሪን የሚጠራ ሙሉ መጽሐፍ አሳትማለች። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል «ካፌ ሻሖር ሐዛቅ»፣ ማለት «ጠንካራ ጥቁር ቡና»፣ የተባሉት ራፐሮች አሉ። ከእርሷም በፊት ኬይ ካውፍማን ሼለመይ በ1973 ወደ አገራችን መጥታ የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ ቀዳች። ያ ዜማ ከጥንቱ የአይሁድ ቤተ መቅደስ የወረደ ነው የሚለው አስተያየት በጣም የተወደደ ነበር። ቀድታ፣ አነጻጽራ፣ ቄሶቹን ጠይቃ በ1986 ስታሳትም ግን ማስረጃው ወደ ኢትዮጵያ ገዳማት የዜማ ሥርዓት የሚመራ ሆኖ ተገኘ። ያስቆጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ቁጣ ግን ቅጂውን አልሰረዘውም።

በእኛ አካባቢ ስለ አዳብና ጨዋታ፣ ስለ መስቀል ጭብጨባ፣ አሁን ደግሞ በዚያ ጭብጨባ ላይ ስለሚናገሩት ልጆች ማን ቀድቷል? እኛ ያለነው እዚሁ ነው፤ ቋንቋውን እናውቃለን፤ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ድምፅ መቅጃ አለ። ሻክና ሼለመይ ባሕር ተሻግረው፣ ከባድ መሣሪያ ተሸክመው ያደረጉትን እኛ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ሆነን አላደረግንም። ከዚያ ይልቅ «እኔ እንደሚመስለኝ» እንጽፋለን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ ባህል ምሽቱ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ይግባ የሚልም ሆነ አይግባ የሚል ተናጋሪ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ያነጋገረው ሰው ቃል፣ የቀዳው ድምፅ፣ ያነበበው መጽሐፍ ገጽ፣ ማናቸውም ይሁን። ባዶ እጁን የመጣ ተናጋሪ ይቀመጥ፤ እኔም ብሆን። የመጣውም ሁሉ ስምና ቀን ተጽፎበት በቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪ ከዜሮ እንዳይጀምር። የሣጥኑን ቁልፍ ማን ይይዛል የሚለው ኅብረቱ የሚመርጠው ሰው ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

ለሁለቱ ጸሐፊዎች ደግሞ የተለየ ግብዣ አለኝ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በንባብ ክፍሉ በረንዳ ላይ እገኛለሁ። የጎረቤቴን ልጅ ምት፣ ያለ ከበሮ የተቀዳውን የአክስቶቹን ጭብጨባ፣ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ»ና የናስን ዘፈን በስልኬ ይዤ እመጣለሁ። አንደኛው ወንድሜ ጫትና ጠብ ያመጣውን ዘፈን፣ ሁለተኛው ወንድሜም ወደ ብሮንክስ የሄደውን ፉከራ ይዘው ይምጡ። ማታ ማታ የሚለማመዱትንም ልጆች ጠርቻቸዋለሁ፤ እንመጣለን ብለዋል።